ሐማ የተሰቀለበት ገመድ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ የልብስ ሰፊዋ በር መጋረጃ የለውም።

ነበረው። ራሷ የሰፋችው፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ሲስቡት ቀስ ብሎ የሚመጣ ኩሩ መጋረጃ ነበረው። የእህቷ ባል «እትዬ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ያውሱኝ» ብሎ ወስዶ የንጉሥ አርጤክስስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰቀለው። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ መጋረጃው ግን ከንጉሡ ቤት አልወጣም። ስትጠይቀው «ቤተ መንግሥቱ ገና አልፈረሰማ!» እያለ ይስቅባታል። ቤተ መንግሥቱ የጎረቤት ጋራዥ ነው። የሰፈሩ ሰው ይህን የእህቷን ባል «ፊልመኛው» ይለዋል፤ በሥራ ቀን ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል፣ በእረፍት ቀኑ መጽሐፍ ቅዱስን ይቀርጻል። ዘንድሮ የቀረጸው አስቴርን ነው። አስቴርን ሆና የተጫወተችው ሚስቱ ናት፤ ማለትም የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት፣ ማለትም አርባን ካለፈች የቆየች፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ይዛ «ውይ» የምትል ሴት። መጽሐፉ ቆንጆ ልጃገረድ የሚለውን ነገር ፊልመኛው ዘውድ ጭኖበት አልፎታል።

የክፍሏ በር እንጨት አብጦ መዘጋት ከተወ ስለቆየ፣ መጋረጃው ሲሄድ በሩም አብሮ ሄደ ማለት ይቻላል። ልብስ ሰፊዋ በኋላው ክፍል ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ሳሎን ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። ሳሎን ያሉት ደግሞ መጋረጃውን ራሳቸው እንደወሰዱት እየረሱ ያወራሉ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ፊልመኛው ለሚስቱ እንዲህ ሲላት ሰማችው፦

«ዛሬ ውድድሩን ካሸነፍን የፊልም ማኅበሩ የድምፅ ዕቃውን በሙሉ ይሰጠናል። የኋላው ክፍል ደግሞ ለስቱዲዮ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ከመንገድ የራቀ። እሷ እንደሆነች መኪናዋን ይዛ የትም ትሰፋለች። አንዲት ክፍል መቼ ትጠፋለች?»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። እህቷ ምን እንደምትመልስ ለመስማት ነው። ቤቱ የእናታቸው ነው። በዚያ ክፍል እናታቸውን አገላብጣ፣ አጥባ፣ አጉርሳ እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት እሷ ናት። እህቷ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ አንድ ነገር ማለቷ አይቀርም። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ።

«ሻይህ ቀዘቀዘ» አለችው እህቷ።

ይኸው ነው። ልብስ ሰፊዋ ስድብ ብትሰማ ይሻላት ነበር፤ ስድብ ቢያንስ መልስ አለው። እግሯን ወደ መርገጫው መለሰችና የደንበኛዋን ቀሚስ ዚፕ ሰፋች፤ አጣመመችው፤ ተረተረችው። እንደገና ሰፋች፤ እንደገና አጣመመች። በሦስተኛው ቀሚሱን ወደ ጎን ጣለችና ግድግዳውን አየች። እውነትም ወፍራም ነው።

ፊልመኛው አንድ ነገር ዘንግቷል። ወይም አልዘነጋም፤ ንቆታል። የመንፈሳዊ ፊልም ማኅበሩ በዚህ ዓመት ከመረጣቸው አራት ዳኞች አንዷ እሷ ናት፤ «ከአልባሳት ሙያ» በሚል። ዘመዷን እንዴት ትዳኛለች ብሎ የጠየቀ አልጠፋም ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ግን መልስ አላጣም፤ ከሌሎቹ ዳኞች ሰባኪው ለውድድሩ ሶምሶንን የሠራው ልጅ አጎት ነው፤ ፎቶ አንሺው ለኖኅ ፊልም ካሜራውን ያዋሰ ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ራሱ የኖኅን ሚስት የተጫወተችው ሴት አባት ነው። «ሁላችንም ዘመድ አለን፤ ስለዚህ ማናችንም ዘመድ የለንም» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ፊልመኛው ለእትዬ ብርቱካን ማምጣት ጀመረ። ብርቱካን ዋጋው እጥፍ በሆነበት ሰሞን ነው፤ አንዲት ፍሬ፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ እንደ ዕንቁ። በግድግዳው ማዶ «እሷ»፣ ፊት ለፊት «እርስዎ»።

ያን ጠዋትም ብርቱካኗን ይዞ መጋረጃ በሌለው በር ብቅ አለ።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። እኔ ምንም አልልም፤ ለህሊናዎ ትቼዋለሁ።»

«ህሊናዬ ደኅና አድሯል» አለችው።

«መጨረሻውንስ... መጨረሻውን እንዴት አገኙት?» አንገቱን አከክ አከክ አደረገ።

ምስጋና ሊለቅም እንደመጣ ገባት። «ሰው እንደ ሥራው ነው የሚያገኘው» አለችው፤ ስለ ሐማ ይሁን ስለ እሱ ሳትለይለት። እሱም ግራ እንደተጋባ ሳቀ። እህቷ ከኋላው አንገቷን አስግጋ፣ «ስቅላቱማ የሚገርም ነው እታለም! እኔ የቀረጹት ዕለት አልቅሼ አልቅሼ ራሴን አሞኝ ነው የዋልኩት» አለች። ፊልመኛው ሳል ያዘው። ልብስ ሰፊዋ ብርቱካኗን እዚያው ፊታቸው ላጠቻት፤ አንድም ክፍል ሳታካፍላቸው በላቻት፤ ፍሬዋ ሳይቀር።

ወደ አዳራሹ የሄደችው በእግሯ ነው። ታክሲ ጠልታ ሳይሆን የምትለውን ለመደርደር ጊዜ ፈልጋ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፦ ፊልሙን አላየችውም። ማለትም ጀምራዋለች። ማኅበሩ የሰጣትን ፍላሽ ቴሌቪዥኗ ላይ ሰክታ፣ ንጉሡ ግብዣ ላይ ተቀምጦ፣ እህቷ ዘውድ ደፍታ የእሷን መጋረጃ በሁለት ጣቷ ገለል አድርጋ ስትገባ ባየች ጊዜ ደሟ ፈልቶ ፍላሹን ነቀለችው። ከዚያ ወዲህ መልሳ አልሰካችውም። ምን ያደርግላታል? አስቴር ትነግሣለች፣ መርዶክዮስ በር ላይ ይቀመጣል፣ ሐማ ይሰቀላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው ታሪክ ፊልመኛው ስለቀረጸው አይለወጥም። የሚያስፈልጋት ፊልሙን ማየት ሳይሆን ማዋረድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሰውየውን ማወቅ ይበቃል።

ዳኞቹ የተሰበሰቡት ከአዳራሹ ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚቆለሉበት ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ሰባኪው በጉልበቱ ደግፎ ይዞታል። ሰብሳቢው ዕድሜውን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ዳኛ ሆኗል፤ ውሃ ሲጠጣ እንኳን ብይን የሚሰጥ ይመስላል። ከኖኅ ጀመሩ። ዝናቡ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ ስለመጣ የሚወርደው በኖኅ ግራ ትከሻ ላይ ብቻ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ፀሐይ ይሞቃል። የመርከቡ መስኮት ላይ የሌባ መከላከያ ብረት አለ። «የጥፋት ውሃ እየመጣ ሌባ የሚፈራ ሰው አላየሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ፎቶ አንሺው ካሜራው የእሱ ስለነበር «ምስሉ ግን አይንቀጠቀጥም» ብሎ ተከላከለ። ከዚያ ሶምሶን መጣ። ሶምሶን ጸጉሩን ተላጭቶ በሚቀጥለው ትዕይንት ጸጉሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ምሰሶዎቹም እጁ ሳይነካቸው ይወድቃሉ። ሰባኪው አጎት ነውና «ከእምነቱ ብዛት ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ወደ አስቴር እንለፍ» አለ ሰብሳቢው። «ጥሩ ሥራ ነው። በተለይ መጨረሻው። ሐማ ሲሰቀል፣ አልዋሻችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።»

ልብስ ሰፊዋ ስትጠብቅ የነበረው ይህን በር ነው።

«እንባ?» አለች። «እኔስ ያፈርኩት እዚያ ጋ ነው። መጽሐፉ መስቀያው ሃምሳ ክንድ ነው ይላል። ሃምሳ! የእሱ ምንድን ነው? ልብስ የሚሰጣበት እንጨት! ሐማ እግሩን ቢዘረጋ መሬት ይረግጣል እኮ።»

ይህን ስትል አንድም ጥርጣሬ አልነበራትም። ከሰው በር መጋረጃ የሚያወልቅ ሰው ሃምሳ ክንድ እንጨት አይገዛም።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እርግጥ ነው... ቁመቱ ትንሽ አጠር ብሏል» አለ።

«ገመዱስ? ናይሎን! ሰማያዊ ናይሎን! በፋርስ ንጉሥ ዘመን ሰማያዊ ናይሎን!»

«እኔም ገመዱን ሳየው አዝኛለሁ» አለ ሰባኪው ጠረጴዛውን በጉልበቱ እያስተካከለ። «አረንጓዴ መስሎኝ ነበር እንጂ።»

«ጀንበር ስትጠልቅ ስለቀረጹት ነው» አለ ፎቶ አንሺው እንደ ባለሙያ። «በዚያ ሰዓት ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ብርሃኑ ግን ቆንጆ ነበር፤ እሱን አትካዱት።»

ልብስ ሰፊዋ ስለ ጀንበር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ለካ ጀንበርም ጨምሮበታል! ለእሷ መጋረጃ ለመመለስ ጊዜ ያጣ ሰው ጀንበር እስክትጠልቅ ቆሞ ይጠብቃል! ብሽቀቱ ጉልበት ሰጣት። «ብርሃኑማ ጥሩ ነው» አለች፤ «ናይሎኑ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ የተደረገ ይመስል።» ከዚያ ሐማ ሲሰቀል አለቀሰ ወይስ ሳቀ የሚለው ተነሳ። ሰብሳቢው አልቅሷል አለ፤ ሰባኪው በትዕቢት ስቋል አለ፤ መጀመሪያ ስቆ ኋላ አለቀሰ በሚለው ታረቁ። ፎቶ አንሺው ከሩቅ ውሻ ሲያልፍ ማየቱን ጠቆመ፤ ልብስ ሰፊዋ ውሻው የተሰጣ ልብሱን ሊያይ የመጣ ይመስል ነበር ስትል ሰብሳቢው እንኳን ሳቀ። በሦስቱም ፊልሞች ውስጥ እንደዚያ ስቅላት በጥልቀት የተወያዩበት ትዕይንት አልነበረም።

ድምፅ ሲሰጥ ሶምሶን አንደኛ ወጣ፤ አስቴር መጨረሻ። ልቧ ቅቤ ጠጣ። እዚያ ላይ ቢበቃት ደግ ነበር፤ አልበቃትም። ፊልመኛው ቤት ገብቶ «ዳኞቹ ቀኑብኝ» እያለ፣ እህቷም ሻይ እያማሰለች «እውነትህን ነው» ስትለው ከወዲሁ ታያት።

«ሕዝቡ ራሱ ይፍረድ» አለች። «ፍርዱ እንደተነበበ ያቺ የመጨረሻዋ ክፍል በትልቁ ስክሪን ትታይ። እንጨቱንም ገመዱንም ሰው ሁሉ በዓይኑ ይየው።»

ሦስቱ ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። ሰባኪው ለክርስቲያን ወንድም ይህ ትንሽ አይከብድም ወይ አለ። ፎቶ አንሺው የፊልም ማሳያው ዕቃ ይሞቃል አለ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። እሷ ግን «ምን የሚያስፈራ ነገር አለ? ሁላችንም ያየነው አይደለም?» ስትል ሁሉም ባንድ አፍ «አዎ፣ አዎ፣ እሱማ አይተነዋል» አሉ፤ ተወሰነ።

ማምሻውን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እህቷ የንግሥቲቱን የአንገት ጌጥ ሳታወልቅ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ክንዷንም ያዘቻት፤ ዘመድ መሆናቸው ለሰው እንዲታይ። በግራዋ ላለችው ሴትዮ ስለ ስቅላቱ ትነግራታለች፦ «ባሌን እኔ በሌለሁበት ቅረጸው ብዬ ለምኜው ነበር፤ በኋላ አስችሎኝ ሄድኩ እንጂ። ውይ፣ አታንሺብኝ!» ከፊት ረድፍ ሐማን ሆኖ የተጫወተው ሥጋ ሻጩ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል፤ ትከሻው ሁለት ወንበር ይሞላል። ፊልመኛው ዳር ላይ ቆሟል፤ ክራቫት አድርጓል፤ የሚያልፈውን ሁሉ በሁለት እጁ ይጨብጣል።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ዘረጋ። ኖኅን አመሰገነ፤ ሶምሶንን አነገሠ፤ የሶምሶን ሠሪ እየዘለለ ወጥቶ የድምፅ ዕቃውን ካርቶን አቅፎ ሳመው። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካክሎ፣ «አስቴርን በተመለከተ፦ የሐማ ስቅላት የተፈጸመበት እንጨት ቁመት ከቅዱስ መጽሐፉ ጋር የማይጣጣም ሆኖ በመገኘቱ፤ ገመዱም ሰማያዊ ናይሎን በመሆኑ፤ ምንም እንኳን የጀንበሯ ብርሃን የሚያስመሰግን ቢሆንም...» እያለ ወረደበት። ልብስ ሰፊዋ እያንዳንዱን ቃል እንደ ብርቱካን ክፍል አጣጣመችው። ሥጋ ሻጩ አንገቱን ዳሰሰና ዞር ብሎ ፊልመኛውን አየው። ፊልመኛው በዓይኑ «ዝም በል» አለው።

«ፊልም ሠሪው አስተያየት ካለው» አለ ሰብሳቢው።

ፊልመኛው ማይኩን ተቀበለ። ትንሽ አሰበ። አራቱንም ዳኞች ተራ በተራ አያቸው፤ አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ የትሕትና ብርሃን መጣ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ትችቱን ከልቤ እቀበላለሁ» አለ። «እንጨቱ አጥሯል፤ ልክ ናችሁ። የናይሎኑም ነገር እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ከርሟል። ያን ዕለት የቃጫ ገመድ ስንፈልግ ውለን አጣን። በሚቀጥለው ሥራችን እናርማለን።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው፤ ሰው ትሑት ሲያይ ይወዳል። እህቷ «አየሽው እታለም፣ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ» ብላ ክንዷን ጠበቅ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ግን እንደጠበቀችው አልጣማትም። ይህ ሰው ውርደቱን እንኳን ለራሱ ጌጥ አደረገው። ቢሆንም ገና የሚታይ አለ፤ ገመዱ ይታያል።

«ለትምህርት እንዲሆን» አለ ሰብሳቢው ድምፁ እየሰለለ፣ «የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል አሁን ይታያል።»

ፊልመኛው «ኧረ አያስፈልግም! ሰው ይመሽበታል!» አለ። መብራቱ ጠፋ።

ስክሪኑ ላይ ግብዣው ተዘረጋ። ንጉሡ ጥግ ላይ ተጎልቷል። ሐማ ትልቅ ጉርሻ ጎርሶ ጉንጩ ተነፍቷል። አስቴር ጉልበቷን ያዝ አድርጋ ተነሳች፤ «ጠላታችን ይኸውልህ!» አለች፤ ጣቷን ቀሰረች። ሐማ ማላመጡን አቆመ። ሙዚቃው ከፍ አለ። በሐማ የተሞላ ጉንጭ ላይ ነጭ ፊደላት መጡ፦ ተፈጸመ።

የማሳያው ዕቃ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ በጨለማው ውስጥ ወደ ሦስቱ ዳኞች ዞረች፤ ሦስቱም ወደ እሷ ዞረው ነበር።

«መቼ ነው ታዲያ የሰቀሉህ?» አለች የሥጋ ሻጩ ሚስት፣ ቀስ ያለች መስሏት።

«እኔን? ማን አባቱ!» አለ ሥጋ ሻጩ። «አንገቴ ላይ ገመድ አላስገባም፣ ቤት ልጆች አሉኝ ብዬው፣ እንግዲያው ይቅር አለና ተወው።»

ከእህቷ በግራ ያለችው ሴትዮ ወደ ንግሥቲቱ ዞር ብላ አየቻት። የእህቷ እጅ ከልብስ ሰፊዋ ክንድ ላይ ተነሳ። በስክሪኑ ነጭ ብርሃን ፊቷ ያለ ቅባት፣ ያለ ዘውድ ታየ። እህቷ የራሷን ትዕይንት ተጫውታ እንጂ ያለቀውን ፊልም አይታው አታውቅም ነበር፤ ባሏ ተቀረጸ ያላትን አምና፣ አለቀስኩ ያለችውን ደጋግማ፣ በመጨረሻ እውነት አድርጋው ነበር። አሁን ገመዱንና እንጨቱን ማን እንደፈጠራቸው አሰበች፤ ለምን እንደተፈጠሩም ደረሰችበት።

«ጠዋት ሰምተሽናል» አለች። የጠየቀች አይመስልም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወደ ዳኞቹ አሸሸች። ሰብሳቢው የፍርዱን ወረቀት አራት ጊዜ አጥፎ ኪሱ ሊከተው ሲታገል ይታያል። ፊልመኛው በጨለማው ግድግዳ ግድግዳውን ወደ በሩ እየተጠጋ ነው። የማሳያውን ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ግን ከላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አላየም፤ ፊልሙ የተቆረጠበት መስሎት ደነገጠ፤ «ይቅርታ ወገኖች፣ አሁን ይስተካከላል!» ብሎ ጮኸና ወደ ኋላ መለሰው።

ግብዣው እንደገና ተዘረጋ። አስቴር ጉልበቷን ይዛ እንደገና ተነሳች፤ ጣቷን ቀሰረች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሐማን ጠበቀ። ሐማም ጉርሻውን ሳይውጥ፣ እንደ ተነፋ፣ በሕይወት እንዳለ፣ ተፈጸመ አለ።